ከአየር ጠመንጃ ጋር ሦስት ወር

«የአየር ጠመንጃ» ሲባል ድሮ ትዝ የሚለኝ የልጆች መጫወቻ ነበር። ባሩድ የለው፣ ቀለህ የለው፣ ምን ያደርጋል ብዬ። አሁን ግን ሰው ይዞት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቃታው ነው፤ ጣቱ የት አለ?

ስሙ ራሱ አሳስቶኝ ነበር። «አየር» ጥይቷን የሚገፋት የታመቀ አየር ነው፣ እዚህ ላይ ችግር የለም። እንግሊዝኛው ግን «ኤር ራይፍል» ሲል በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ መስመርም እየነገረን ነው። ያ መስመር ጥይቷን እያሾረ ስለሚያስወጣት ሳትዋዥቅ ትሄዳለች። የእኛ «ጠመንጃ» ይህን አይለይም። ስለዚህ በርሜሉ ልሙጥ የሆነውንም በዚያው ስም እንጠራዋለን። መጫወቻም አልነበረም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ የተባለ የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር።

የምለማመድበት በስፕሪንግ የሚሠራ ነው። በርሜሉን ወደ ታች ሳጥፈው ስፕሪንጉ ይወጠራል። ቃታውን ስስብ ፒስተኑ፣ ማለትም ስፕሪንጉ የሚገፋው ተንሸራታች ብረት፣ ተወርውሮ አየሩን ያምቀዋል። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይነጥራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥይቷ ገና ከበርሜሉ አልወጣችም! የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ጨምድጄ ይዤው በ10 ሜትር ላይ ጥይቶቼ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበተኑ ነበር። መዳፌ ላይ አሳርፌ፣ እንደፈለገ እንዲነጥር ስለቀው ወደ 2 ወረደ። አጥብቆ መያዝ ነው የሚያስተው ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ቀን ደግሞ ጉራ ልነዛ ጥይት ሳላጎርስ ቃታውን ሳብኩ። ድምፁ ራሱ ያማል። በርሜሉን የሚዘጋ ጥይት ከሌለ አየሩ ያመልጣል፤ የሚያለዝበው ስለሌለም ፒስተኑ በሙሉ ኃይሉ ይጋጫል፣ ውስጡም ይጎዳል።

በኦሎምፒክ ከ1984 ጀምሮ ያለው የ10 ሜትር ውድድር ሌላ ዓለም ነው። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ የዒላማው መሃል ያለችው የ10 ነጥቧ ክብ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ። ቆመው ነው የሚተኩሱት፤ 60 ጥይት በ75 ደቂቃ። ባለፈው ሳምንት ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። ከ40ኛው በኋላ ክንዴ እምቢ አለ። ይህን ወር ጥይት ቀንሼ ቆሞ መያዝን ብቻ እለማመዳለሁ።