ቀይ ወፍጮ በአዳማ

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትቃረቡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ይቀበሏችኋል። ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ለዚህም ነው ማታ ባቡር ጣቢያው አካባቢ የገባሁበት አዝማሪ ቤት አስተናጋጅ ግድግዳው ላይ ስለተሳለው ቀይ ክንፍ ስጠይቀው ያልተቸገረው።

"የኛው ንፋስ ነዋ! ባለቤቱ ቀይ ስለሚወድ ነው።"

ቀለሙ ተልጧል። አንደኛው ክንፍ ላይ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሞበታል። ከሥሩ ግን ቀሚሷን ገልባ እግሯን የሰቀለች ሴት አለች። ይሄማ ሙላን ሩዥ፣ ማለትም "ቀይ ወፍጮ" የሚባለው የፓሪሱ ጭፈራ ቤት ነው!

ገና ሰው ስላልገባ ታሪኩን አወራሁለት። አጠገባችን ቢራ የያዙ አንድ ሽማግሌም ወንበራቸውን አስጠጉ።

ቤቱን በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ዦሴፍ ኦሌርና ሻርል ዚድለር ናቸው። ጣሪያው ላይ ያቆሙት ቀይ ወፍጮ አንድ ቁና እህል ፈጭቶ አያውቅም፤ ለማስታወቂያ ነው። ሰዉ የሚጎርፈው ካንካን የተባለውን እግር እየሰቀሉ የሚጨፍሩትን ዳንስ ለማየት ነበር። ላ ጉሉ የምትባለው ዳንሰኛ በእግሯ ጫፍ የወንዶቹን ባርኔጣ ታወልቅ ነበር ይባላል። ሠዓሊው ቱሉዝ ሎትሬክ በ1891 የሠራው ፖስተር ደግሞ እሷንም ቤቱንም አስጠራ።

"ልብስ ማውለቁስ?" አሉ ሽማግሌው። እሱን ነበር የሚጠብቁት።

እሱ በ1893 መጣ። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች እዚያ ድግስ ደግሰው፣ ሞዴሎቻቸው ጨርቅ ቢጤ ጣል አድርገው ብቅ አሉ። ስትሪፕቲዝ፣ ልብስ እያወለቁ መጨፈሩ፣ የተጀመረው ያን ሌሊት ነው የሚሉ አሉ። አንድ ሴናተር ከሰሰ፣ ፍርድ ቤት የ100 ፍራንክ ቅጣት ፈረደ። ተማሪው ተቆጥቶ ጎዳና ወጣ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፣ ሰው ሞተ።

"በ100 ፍራንክ ጣጣ?"

"በ100 ፍራንክ፣ ጋሼ።"

በ1915 ቤቱ ተቃጠለ፣ በ1921 እንደገና ተከፈተ። በ2024 ሚያዝያ ላይ የወፍጮው ክንፎች ወድቀው በሐምሌ ተተኩ። ትርኢቱ ዛሬም አለ። በኔ ግምት ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ራቁትነት አይደለም። ላባው፣ ሙዚቃው፣ ያ የማይፈጭ ወፍጮ ነው። ራቁት ብቻውንማ ቶሎ ይሰለቻል።

ቤቱ ሞላ። ማሲንቆው ተቃኘ። አስተናጋጁ ወሬውን ለአዝማሪዋ ሹክ ብሏት ኖሮ፣ ቀጥ ብላ እኛ ጋ መጣች፦

"የፓሪሱ ወፍጮ ቀይ ነው አሉኝ ቀይ፣
ያዳማዋስ ቆንጆ ለብሳ አታምርም ወይ?"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እስክስታው ቀለጠ። ሽማግሌው ተነሥተው መቶ ብር ግንባሯ ላይ ለጠፉ።

"ያቺኛዋ ስታወልቅ ተቀጣች፣" አሉ፤ "አንቺ ለብሰሽ ተሸለሚ።"