ለድብርት ሕክምና ሙከራ የመንግሥት ገንዘብ ያገኘሁበት መንገድ

ሕክምናው ይጠቅማል ብሎ ማሳመን ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ለክሊኒካዊ ሙከራ አመልካቾች የሚያቀርበው ሌላም ጥያቄ አለ፦ ሕክምናው በሽተኛውን የሚረዳው ምኑን ለውጦ ነው? ማመልከቻዬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የመሠረትኩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የእኔ ሐሳብ እንቅልፍ ማጣትን በንግግር ሕክምና በማከም ድብርትን ማቅለል ነበር። ስለዚህ የድብርቱ ነጥብ መቀነሱን ማሳየት አይበቃም። እንቅልፉ ቀድሞ መሻሻሉን፣ የድብርቱ መቅለልም ያንን ተከትሎ መምጣቱን ማሳየት ያስፈልጋል። ሁለቱን መጨረሻ ላይ ብቻ ብለካቸው የቱ የቱን እንደቀደመ አይታወቅም፤ በሕክምናው መሐል ደጋግሜ እንድለካ ያቀድኩት ለዚህ ነው። እንዲህ የተነደፈ ሙከራ ሕክምናው ባይሳካም ያስተምራል። እንቅልፍ ተስተካክሎ ድብርቱ ባለበት ከቀረ ሐሳቡ ወድቋል ማለት ነው፤ እንቅልፉም ካልተስተካከለ ግን ሐሳቡ ገና አልተፈተነም። ይህን ልዩነት በአንዷ የዓላማ ገጽ ላይ በግልጽ አስፍሬዋለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ግዴታ ይመስለኛል።

ያችን ገጽ ሌላውን ሳልጽፍ ለኢንስቲትዩቱ የፕሮግራም ኃላፊ ላክሁና በስልክ ተነጋገርን። ለአነስተኛ የመጀመሪያ ሙከራና ለትልቅ ማረጋገጫ ሙከራ የሚወጡት የማመልከቻ ጥሪዎች ይለያያሉ። የማይገባው ጥሪ ላይ የወደቀ ማመልከቻ ምንም ያህል ቢያምር አይረዳም። ለማመልከት ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ውይይት አትዝለሉት።

የተሳታፊዎችን ቁጥር ስወስን ከትንሽ የመጀመሪያ ጥናት በተገኘ ትልቅ ውጤት ላይ አልተመካሁም፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ ውጤት ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ነው። ይልቁንም ለታካሚው ትርጉም ያለው ትንሹ ለውጥ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። በሕክምናው ቡድንና በንጽጽር ቡድኑ መካከል ያለው ልዩነት የስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የሰዎች ነጥብ ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን) ግማሽ ቢሆን፣ ልዩነቱን በተለመደው 80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ያህል ሰው ይበቃል። ልዩነቱ ወደ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 0.3 ሲወርድ ግን በየቡድኑ 175 ያህል ይጠይቃል፤ ከአምስቱ አንዱ ሊያቋርጥ እንደሚችል ሲታሰብ ደግሞ ወደ 220 ይጠጋል። በጀቱም የሥራ ጊዜውም የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት የደህንነቱ ክፍል ነው። በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ መጨረሻው ላይ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። አንድ ተሳታፊ ሌሊት በስልኩ ሲሞላ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ቢመልስ ማን ያየዋል? በስንት ሰዓት ውስጥ ይደውላል? ስልኩ ባይነሳስ? ተረኛ ባለሙያ መደብኩ፤ ደመወዙንም በጀቱ ውስጥ አስገባሁ። ቀደም ሲል በድብርት ያለፉ ሰዎችም ዕቅዱን አንብበው፣ ድንገት ፖሊስ ከመላክ በፊት የሚያውቁት ድምፅ እንዲደውልላቸው ጠየቁ። ቅደም ተከተሉን በእነሱ ምክር አስተካከልኩት። «የሥነ ምግባር ኮሚቴውን መመሪያ እንከተላለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሰው ሕይወት ባለበት ቦታ በፍጹም አይመጥንም።

ሙከራውን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ፣ የመረጃ አያያዝ ዕቅድና የመሳሰለው ወረቀት ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ቢሮ ቀድሞ ከተነገረው ያግዛል።

ከግምገማው በኋላ ማመልከቻውን አሻሽሎ ሲያቀርቡ ለአስተያየቶቹ መልስ የሚሰጥበት አንድ ገጽ አለ። አብዛኛውን አስተያየት ተቀበልኩ። አንዱ ገምጋሚ ግን የንጽጽር ቡድኑ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ቢያገኝ ወጪው እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር፤ በዚህ አልተስማማሁም። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ባለሙያ እያናገረው ሌላው ማንም ካላናገረው፣ ለውጡ ከእንቅልፉ ይምጣ ከሚሰማ ጆሮ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የንጽጽር ቡድኑ እኩል ሰዓት የጤና ትምህርት እንዲያገኝ የሚለውን ይዤ፣ ምክንያቱን በአክብሮት አስረዳሁ። ገንዘቡ የተፈቀደውም በዚሁ ንድፍ ነው።