ዋይፋዩ ሞልቶ ኢንተርኔት የለም

እሑድ ኅዳር 21 ነበር። እማዬ ጽዮንን አንግሣ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «እህትሽ ደወለች?» አለችኝ። ታናሽ እህቴ ቤይሩት ናት። እረፍቷ እሑድ ብቻ ስለሆነ ከ8 ሰዓት በኋላ በዋትሳፕ ቪዲዮ ትደውላለች። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ሰዓት ነው።

የዚያን ቀን ግን ዋይፋዩ ሞልቶ እያሳየ ምንም አይከፍትም። የጎረቤታችን ልጅ መርፌ ይዞ መጣ። «ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ ልጫናት?» እጁን ያዝኩት። ያቺ ቀዳዳ ሞደሙን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ብቻ ሳይሆን መስመሩ የሚገባበትን የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድም ታጠፋለች። አምና ይኸው ደርሶብን፣ የጻፍንበት ወረቀት እስኪገኝ ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከርመናል።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር ጠባሴ፣ ሁሉም ነገር «ኔትወርክ የለም» ነው። መንገዱ ግን ሁለት ነው። አንዱ ከስልኬ እስከ ሞደሙ፣ ሌላው ከሞደሙ ወደ ውጭ። የዋይፋይ ምልክቱ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ብዬ ጻፍኩ፤ የሞደሙ ገጽ ከች አለ። (ቁጥሩ እንደ ሞደሙ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፏል።) እስከ ሞደሙ ድረስ ደህና ነን ማለት ነው።

ከዚያ መብራቶቹን አየሁ። ዲኤስኤል (ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ የሚመጣበት መስመር) የሚለው ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይረጋም። እሱ ካልረጋ ሞደሙ መስመሩን አላገኘም፤ ስልክ ብንነካካ ዋጋ የለውም። እሱ ረግቶ የኢንተርኔቱ መብራት ብቻ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የተጠቃሚ ስሙን ወይም ያልተከፈለ ሂሳብ እጠረጥር ነበር። የቤት ስልኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል።

ሽቦውን ተከትዬ ወጣሁ። የድንጋይ ግድግዳችንን በመስኮቱ ጥግ አልፎ ከጣሪያው ሥር ይሄዳል። እዚያ በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ቦታ አለ። ናስትሮው ተልጦ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ገብቶበታል። አሁን ደግሞ የኅዳር ውርጭ ሌሊት ይይዘውና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ቀልጦ ያረጥበዋል።

የስልክ መስመር ኤሌክትሪክ አለበት፣ 48 ቮልት ገደማ። ሲጠራ ደግሞ ይጨምርና ይነዝራል። ስለዚህ እጄን አድርቄ የላስቲክ ጓንት አጠለቅሁ። አረንጓዴውን ቆረጥኩ፣ ንጹሑን መዳብ በምላጭ ገፈፍኩ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ለየብቻ ቀጥዬ ለየብቻ ጠቀለልኩ። ከግቢያችን ውጭ ምሰሶው ላይ ቢሆን አልነካውም ነበር፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

መብራቱ ረጋ። የእኔ ስልክ ሠራ። የእማዬ ግን እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የደነገጠው፣ 8 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ዋትሳፑን ስከፍተው የስልክሽ ቀን ትክክል አይደለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ አየሁ፦ 2018። ለካ ቅዳሜ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ሲነሣ፣ እማዬ የጽዮን ቀን እንዳታልፋት በእኛ አቆጣጠር አስሞልታዋለች። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው፣ ለእሱ ዓመቱ 2025 ነበር። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ደግሞ ሰርተፍኬቱን «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። እናት አባቶቻችን ቤት ይህ ስንት ጊዜ በ«ኔትወርክ የለም» እንደታለፈ እንጃ። እባካችሁ ቀኑን አንድ ጊዜ እዩላቸው።

ቀኑን ራሱ እንዲሞላ አደረግኩት። በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያም ጫንኩላት፣ በዓላቱን ከነስማቸው ያወጣል። እሱን እያሳየኋት ስልኩ ጠራ።

«ጽዮንን ተሳለምሽልኝ?» አለች እህቴ፣ ገና ፊቷ ሳይታይ።