ሐዋሳ ላይ ያየሁት ጥንድ አዙሪት

ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው የሐዋሳ ሌሊት ይከብዳል። አልጋው 900 ብር ነው፤ አጎበሩ ግን ተቀዷል። ቢንቢ ጆሮዬ ላይ ስታዜም ነጋ። ከመነኸሪያ ያመጣኝ ባጃጅም 50 ብር ለማይሞላ መንገድ 200 ተቀብሎኛል። ሻንጣዬን አይቶ መሆን አለበት። በጣም ተናድጄ ነው ያደርኩት።

የመጣሁት ለፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ቀዝቃዛ አቶሞች ለመናገር ነው። አቶሞቹ ከላይና ከታች በሌዘር ታጥረው እንደ እንጀራ ስስ ሆነው ይነጠፋሉ። ከዜሮ በታች 273 ከሚባለው የመጨረሻ ቅዝቃዜ የዲግሪ ሚሊዮንኛ እንኳ አይርቁም። የደብረ ብርሃን ውርጭ እዚህ አይነሳም። አቶሞቹ የሚሠሩት ስስ ጋዝ ውስጥ ጥቃቅን አዙሪቶች ይወለዳሉ፤ ይህን በወረቀት ላይ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄጄ ጀልባ ያዝኩ። ቀዛፊው ሽማግሌ ነበሩ። መቅዘፊያውን ስበው ሲያወጡት ውሃው ላይ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ቀሩ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሽከረከራል፤ ጎን ለጎን ሆነው ክንድ ያህል ተጓዙ። ጎንበስ ብዬ ቀረሁ።

«ልጄ፣ ዓሣ አየህ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ እባክዎ እንደገና ይሳቡልኝ።»

ምናልባት ሃያ ጊዜ ሳቡልኝ። ለቆየንበት አንድ ብር አልጨመሩብኝም።

ጋዙም እንዲሁ ነው። በደንብ ሲቀዘቅዝ አዙሪቶቹ ተቃራኒያቸውን ይዘው ይጣመራሉ፤ ጋዙም ያለ ሰበቃ ይፈሳል። ሲሞቅ ጥንዱ ይለያያል፤ ነጠላ አዙሪት ሥርዓቱን ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓሪስ የነበረው የዣን ዳሊባር ቡድን ሁለት የሩቢዲየም አቶም ንጣፎችን ከሌዘሩ አጥር ለቆ እርስ በርስ እንዲደራረቡ አደረገ። አቶሞቹ እንደ ሞገድ ስለሚደራረቡ ብሩህና ጨለማ ሸንተረር ወጣ። አዙሪት ባለበት ቦታ ግን ሸንተረሩ ሸማኔ ክር እንደሳተበት ጥለት ይሰበራል። የአዙሪቶቹን መጣመርና መለያየት ሐሳብ ቀድመው ያፈለቁት የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቤሬዚንስኪ፣ ኮስተርሊትዝና ታውለስ ናቸው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ቤሬዚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ስላረፈ አልደረሰበትም። ይህ ሁሌ ያሳዝነኛል።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውሃና ማንኪያ አስመጣሁ። አንዷ ተማሪ ማንኪያውን ተቀብላኝ ደጋግማ ሳበች፤ እጅጌዋ ሁሉ ረጠበ።

«ቲቸር፣ አንዱን ብቻ ለማውጣት ብሞክር እምቢ አለኝ» አለች።