ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር መገጣጠም ለጀመሩ ወጣቶች ነው፤ እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም፣ ትምህርቱንም ያገኘሁት በደንበኛ ንብረት ላይ ነው።

ከዚራ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ላላቸው አንዲት እናት ለሒሳብ መዝገባቸው የሚሆን ኮምፒውተር ገጠምሁላቸው። ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውንና ዲስኩን ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የተሳሳትሁት ሁለቱን ራሞች፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዙትን ካርዶች፣ ስሰካ ነው፤ ቅርብ መሆኑ ይሻላል ብዬ ከየጥንዱ ስሎት (መሰኪያ) ለፕሮሰሰሩ በሚቀርቡት በአንደኛውና በሦስተኛው ሰካኋቸው፤ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ ባዮስ፣ ገብቼም ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የ3600 ፍጥነት መረጥሁ። ጠዋት ስፈትሸው እንከን አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ግን የድሬ ሙቀት ሱቁን ሲሞላው ኮምፒውተሩ ሲሰናከል የሚታየው ሰማያዊው ስክሪን ይመጣ ጀመር። ዊንዶውስን ሦስት ጊዜ ጫንሁ፣ ከታይዋን ገበያ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ቀየርሁ፣ መብራቱንም ወቀስሁ። ራሙን የሸጠልኝ ሰው በስልክ «ቮልቴጁን ከፍ አድርገው፣ ይስተካከላል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ሁለት ቀን ደህና ሠርቶ በሦስተኛው ቀን የወሩን ሽያጭ የያዘው ፋይል ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ያለ ምንም ማጣራት የተሰጠኝን ያን ምክር ሳስታውስ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ ይበልጥ የምናደደው ግን በተቀበልሁት በእኔ ነው። እኒያ እናት «ልጄ፣ ደረሰኙ በእጄ አለ» ብቻ አሉኝ፤ ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

መልሱ ሳልገልጠው በተውሁት የማዘርቦርዱ ማንዋል ውስጥ ነበር፤ ራሙ ሁለት ከሆነ በሁለተኛውና በአራተኛው ስሎት ይሰካል ይላል። አራት ስሎት ባላቸው፣ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት በሚቀበሉ በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ የሲግናሉ መስመር ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ ከየጥንዱ መጀመሪያ ቅርቡን፣ ቀጥሎ ሩቁን ስሎት ይነካል። ራሙ ቅርቡ ላይ ብቻ ከተሰካ፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝም የመዳብ መስመር ጫፉ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሲግናሉ እዚያ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። በ3600 ፍጥነት፣ ማለትም በአንድ መስመር በሰከንድ 3600 ሚሊዮን ቢት ሲያልፍ፣ አንድ ቢት የሚቆየው 0.28 ናኖሴኮንድ ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሲግናሉ በቦርዱ ላይ የሚጓዘው 4 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማሚቶው ገና እየተነበበ ባለው ቢት ላይ ይደርብበታል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የቀረችው ጥቂት ትርፍ ጊዜም ትጠባለች።

ራሞቹን አዛወርሁ፣ ቮልቴጁን መለስሁ፣ ፍጥነቱንም ወደ 3200 አወረድሁ። ማሸጊያው የሚለውን አትመኑ፤ የዲዲአር4 መስፈርት የሚያበቃው 3200 ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው የሻጩ ተስፋ ነው። የራም ፍተሻውንም ጠዋት አትሥሩት። እኔ የሞከርሁት እዚያው ሱቅ፣ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የግድግዳው ማራገቢያ ጠፍቶ ነው፤ አንድም ስሕተት አላሳየም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ማታ አብረን ተቀመጥን፤ እሳቸው ደረሰኙን እያነበቡልኝ የወሩን ሽያጭ እንደገና አስገባሁ።