የለመንኩት ተአምር ማንንም የማያስከፍል ነበር

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው ነበር። ያደከማቸው የደም ግፊት ነው። ለዓመታት ምንም ሳይሰማኝ ውስጥ ውስጡን ሲጎዳኝ ቆይቷል። ሐኪሞች ሲደርሱበት ጊዜው አልፏል። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በሙሉ እጥበት ሆነ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር መዋል ነው። ውሃ እንኳ እየተለካ ነው የሚጠጣው።

ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ኩላሊቶቼን ንካቸው።» ቅዱሳን፣ የእምነት ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጾሙልኝ፣ እጃቸውን ጫኑብኝ። ደም በሰጠሁ ቁጥር ዛሬ ውጤቱ ተሻሽሎ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። ክሪያቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ ግን ወይ ፍንክች! ጌታ እንደሚችል ያኔም አልተጠራጠርኩም፣ ዛሬም አልጠራጠርም።

ሐኪሜ ንቅለ ተከላ ያዋጣሃል አለኝ። እናቴ ተነሳች፤ ዕድሜዋና ጤናዋ አልፈቀደላትም። እህቴ ተመረመረች፤ ስኳር እንደጀመራት በዚያው ታወቀ። ሌላ ማንን ልጠይቅ? ደግሞስ ኩላሊት ይጠየቃል እንዴ?

ወንድም አለኝ። የአባቴ ልጅ ነው፤ ከሌላ እናት። በቤታችን ስሙ አይነሳም ነበር። አባቴ ሲሞት በውርስ ክርክር ተነሳና የነበረችው ሰላምታም ተቋረጠች። መታመሜን ከማን እንደሰማ እስካሁን አልነገረኝም። አንድ ቀን እጥበት ላይ ሆኜ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙም አላወራም። «የደም ዓይነቴ ከአንተ ጋር አንድ ነው። ልመርመር» አለኝ።

እምቢ አልኩት። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። ሲሰጥህ አትቀበልም ነበር እንዴ ትሉኝ ይሆናል። የሚወዱትን ሰው በቢላ ፊት አስተኝቶ መዳን እንዴት እንደሚከብድ የገባበት ያውቀዋል። በኋላ እንዳነበብኩት የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ነው። ሮናልድ ሄሪክ የሚባል ወጣት ለመንትያው ለሪቻርድ ሰጠ። በዋዜማው ምሽት ታማሚው ሪቻርድ ወንድሙን ተነስተህ ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ በወረቀት ላከበት። ሮናልድም እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም ብሎ መለሰለት። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኔም ወንድም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እኔ እምቢ ስል እርሱ ምርመራውን ጀምሮታል።

ምርመራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደም፣ ሽንት፣ ልብ፣ ራጅ፣ ሁሉም ይታያል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ለጋሹን ብቻውን ያነጋግሩታል። ማንም አስገድዶህ ነው ወይ? ገንዘብ ተቀብለሃል? ሐሳብህን ከቀየርክ ለቤተሰቡ «ኩላሊቱ አይሆንም» ብቻ ብለን እንነግራቸዋለን፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅም ይሉታል። ማንንም ሳያስቀይም የሚወጣበት በር ተከፍቶለት ነበር ማለት ነው። ሚስቱም ፈርታ ስታለቅስ ነበር፤ አልፈርድባትም። እርሱ ግን በዚያ በር አልወጣም።

ያን ሰሞን ዮሐንስ ምዕራፍ 10ን ሳነብ አንድ ቃል ያዘኝ። ጌታ ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ይላል። ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! እኔ ግን ትርጉሙ የገባኝ ወንድሜ ከዚያ ክፍል ወጥቶ «ቀን ይቆረጥልን» ሲል ነው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ስነቃ ነርሷ የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ሽንት መውረዱን ነው። ስለ ሽንት እያለቀሰ ጌታን ያመሰገነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

የታመሙትን ኩላሊቶች ብዙ ጊዜ አያወጧቸውም፤ አዲሱ ከሆድ በታች፣ በጎን ይተከላል። ስለዚህ አሁን ሦስት ኩላሊት አለኝ። ያ ሁሉ ጾምና ጸሎት የተደረገላቸው ሁለቱ ዛሬም አይሠሩም። የምትሠራው የእርሱ ናት። አምላኬ ጸሎቴን መለሰ፤ የለመንኩት ግን ማንንም የማያስከፍል ተአምር ነበር። የመጣው መልስ ወንድሜን አስከፈለ። እኔ በቶሎ ተነስቼ ስራመድ እርሱ ገና ሳል ሲመጣበት ጎኑን ይዞ ያቃስት ነበር። የቀረችለት አንዷ ኩላሊት እየጎለበተች የሁለቱን ሥራ በአብዛኛው ትሸፍናለች፤ ሕመሙን ግን ማንም አልተካፈለውም።

ስመሰክር አንዳንዶች «በቃ ጌታ ፈወሰህ በል» ይሉኛል። እላለሁ! ግን ወንድሜን ዘልዬ አልልም። ደግሞ ማንም ይህን ሰምቶ ዘመዱን «አንተም ስጥ» ብሎ እንዳይጫን አደራ። በግድ የተሰጠ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

እኔ መድኃኒት ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፤ ሰውነቴ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው። ክትትሌ ጥሩ ነው፣ የእርሱም ጥሩ ነው። ካገገመ በኋላ ውለታህን በምን ልክፈል ብዬ ብጀምር፣ «ኩላሊቱን ሸጠ ልታስብለኝ ነው?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ያልለመንኩት ደግሞ ይህ ነው። እናቴ፣ ስሙን የማትጠራው እናቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ከእኔ አልጋ ተነስታ የእርሱ አልጋ አጠገብ ማደር ጀመረች። ማንም አልነገራትም። የውርሱንም ነገር ሽማግሌ ሳይገባ ራሷ ጨረሰችው፤ ድርሻውን አገኘ። አሁን ቀን በቀን የምትደውለው ለእርሱ ነው። ለእኔ ሲመቻት ነው። አልቀናም ብል ውሸት ነው።