ዜውስ ለግብዣ የሄደበትን ስንኝ ፍለጋ

ነገሩ የጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ግሩፕ ውስጥ አንዱ ስክሪንሾት ለጠፈ። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን «ከሰው ልጆች ሁሉ ጻድቃን፣ በአማልክት የተወደዱ» ብሏቸዋል ይላል። ከሥሩ ባንዲራና አንበሳ አለበት። ሰው ሁሉ የእሳትና የጭብጨባ ምልክት አዘነበ። እኔ ክፉ አመል አለብኝ። «የቱ ጋ ነው ያለው?» ብዬ ጻፍኩ። ዝም። ቆይቶ አንዱ «ጉግል አታደርግም እንዴ?» አለኝ።

አደረግኩ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ቀን ቀን ደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። ሥነ ጽሑፍ አላጠናሁም፣ ግሪክኛም አልችልም። የምጽፈው በስልክና በትርፍ ሰዓት የለፋሁትን ነው፤ የሊቅ ምክር አትጠብቁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የመጀመሪያው ወር እንዲሁ ባከነ። ሊንክ ስሰበስብ ነው የከረምኩት። «ስለ ግሪክ አፈ ታሪክ ምርጥ ገጾች» የሚል ዝርዝር ባየሁ ቁጥር አስቀመጥኩ። ፎልደሩ ሞላ፤ አንድ ስንኝ ግን አላነበብኩም። ማስቀመጥ ያነበቡ ያህል ደስ ይላል፣ ችግሩ እሱ ነው። ሃርቫርድ ስለ ጥንታዊ ግሪክ ጀግኖች የሚሰጠውን የኢንተርኔት ኮርስም ተመዘገብኩ። በ24 «ሰዓት» የተከፋፈለ፣ በነጻ መከታተል የሚቻል፣ ደህና ኮርስ ነው። ሰባተኛው ሰዓት ላይ የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ መጣና እዚያው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ትቼ አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ያቺን ጥቅስ ማግኘት።

መጀመሪያ የሄድኩት ፕሮጀክት ጉተንበርግ ነው። ከ1971 ጀምሮ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነጻ የሚያድል ቤት ነው። ከሆሜር ሁለት ረጃጅም ግጥሞች አንዱ፣ ኦዲሴይ ሙሉው፣ ተራ ጽሑፉን ካወረዳችሁት፣ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። መብራቱም ኔትወርኩም ቢጠፋ ስልካችሁ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛውን ግጥም ኢሊያድን አወረድኩና «ዜውስ» ብዬ ፈለግኩ። ዜሮ። የአማልክት አባት ከገዛ መጽሐፉ ጠፋ። ፊደል ተሳስቼ ይሆን ብዬ ደገምኩት። አሁንም ዜሮ።

ለካስ ያወረድኩት በ1898 የታተመው የሳሙኤል በትለር ትርጉም ነው። በትለር አማልክቱን በሮማ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ዜውስ ጆቭ ሆኗል፣ አቴና ሚነርቫ፣ ኦዲሴዎስ ኡሊሲስ። ሰፈር ሁሉ በቤት ስሙ የሚያውቀውን ሰው በክርስትና ስሙ እንደ መፈለግ ነው። ነጻ የሚገኙት ትርጉሞች አብዛኞቹ እንዲህ የቆዩ ናቸው፤ አዳዲሶቹ በገንዘብ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የዶላር ካርድ የለኝም። ስለዚህ ሁለቱንም የስም ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፍኩና ስልኬ ሽፋን ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን እዚያው ነው።

ቀጥሎ «ኢትዮጵያውያን» ብዬ ፈለግኩ። መጣ! ኢሊያድ ክፍል አንድ ላይ። ትሮይን የሚወጉት ግሪኮች ጀግና አኪልስ፣ በአዛዡ በአጋሜምኖን ተበድሎ ባሕር ዳር ያለቅሳል። እናቱ ቴቲስ ለዜውስ አቤት እንድትልለት ይለምናታል። እሷም ትለዋለች፦ ጆቭ ትናንት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ወደ ኦኬአኖስ (ምድርን ይከባል ወደሚባለው ወንዝ) ሄዷል፣ ሌሎቹም አማልክት አብረውት ሄደዋል፣ በአሥራ ሁለት ቀን ይመለሳል። ማለትም የጠረጴዛው ኃላፊ የለም፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ። ቢሮ የተመላለሰ ሰው ይገባዋል።

ግን «ጻድቃን» የሚል የለም። «የተወደዱ»ም የለም። ግብዣው ብቻ ነው ያለው። ግሩፑ ላይ «ውሸት ነው» ብዬ ልጽፍ እጄ ደርሶ ነበር። ደግነቱ አልጻፍኩም።

ምክንያቱም የበትለር ትርጉም በዝርው ነው፤ የስንኝ ቁጥር የለውም። የሆሜር አድራሻ ደግሞ ቁጥር ነው። 1.423 ማለት ክፍል አንድ፣ ስንኝ 423 ነው። ማንም፣ የትም ሀገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢያነብ እዚያው ይደርሳል። ምዕራፍና ቁጥር እንደማለት። ይህንን ካወቅኩ በኋላ ቁጥር የሌለው ጥቅስ ሲመጣልኝ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አድርጌ ነው የማየው። አላጸድቅም።

ቁጥሩን ይዤ ፐርሲየስ ወደሚባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አሜሪካ ያለው የቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ጥንስሱ 1980ዎቹ ውስጥ ነው። ግሪክኛው ከነእንግሊዝኛው አለ። ዋናው ነገር ግን ግሪክኛውን ቃል ስትነኩት የሚሆነው ነው። ቃሉ ከምን ሥር እንደመጣ፣ ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ባለቤት ይሁን ተሳቢ ይነግራችኋል። ከዚያ ወደ ሊደልና ስኮት መዝገበ ቃላት ይወስዳችኋል፤ መጀመሪያ በ1843 የታተመው ነው።

አንድ እንቅፋት ነበር፦ ፊደሉ። እዚህ ላይ አጎቴ ናቸው ያዳኑኝ። በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። እሑድ ቤታቸው ሄጄ ስልኬን ሳፈጥበት አዩኝ።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«የግሪክ ፊደል ነው ጋሼ። አልገባ አለኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በጋማ ላይ አሳረፉ። «ይሄማ ሦስት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የግዕዝ ቁጥሮች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው። ፩ አልፋ ነው፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ። ፱ን አይታችሁ ቴታን ካያችሁ ወንድምና እህት ናቸው። ፲ ዮታ፣ ፳ ካፓ እያለ ይቀጥላል። ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አወረድንና ጎን ለጎን ጻፍነው። ከሰዓት በኋላ ግማሹን ፊደል ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ሦስት አፕሊኬሽን ሞክሬ ነበር፤ እንደ ቀን መቁጠሪያው የሆነልኝ የለም።

1.423ን ከፈትኩ። በትለር የዘለላት አንዲት ቃል ግሪክኛው ላይ አለች። «አሚሞናስ» ትላለች፤ ለኢትዮጵያውያን ቅጽል ሆና። ጎኗ ያለው የመሬይ ትርጉም፣ የ1924ቱ፣ «ነውር የሌለባቸው» ብሎ ተርጉሟታል። ስለዚህ ስክሪንሾቱ ከምንም አልተነሳም፤ በቅብብሎሽ አበጠ እንጂ። አንዲት ቅጽል ነበረች፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆነች። ያኔ «ውሸት ነው» ብዬ ጽፌ ቢሆን እኔም ተሳስቼ ነበር።

በመሐል አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትን ጠይቄ ነበር። ፈጠን ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሌላ ክፍልና ሌላ ስንኝ ሰጠኝ። ከፈትኩት። ጦር ውርወራ ነው። አሁንም እጠይቀዋለሁ፤ የማይገባኝን ሰዋስው ሲያስረዳ ጎበዝ ነው። አድራሻ ግን አልቀበለውም።

አፈ ታሪኩ ኢትዮጵያውያን የሚላቸው የሜምኖንና የአንድሮሜዳ ታሪክ ደግሞ ቴዮይ ወደሚባል ድረ ገጽ ወሰደኝ። አፈ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። እያንዳንዱ አምላክና ጀግና ገጽ አለው፤ ገጹ ውስጥ የጥንት ጸሐፊዎች ምን እንዳሉ ከነአድራሻው ተደርድሯል። «አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው» ብሎ አንድ ላይ ጨፍልቆ አይተርክላችሁም። ሜምኖን የንጋት አምላክ ልጅ፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው። ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪልስ እጅ ይሞታል። ታሪኩን የያዘው «ኤቲዮፒስ» የሚባል ባለ አምስት ክፍል ግጥም ጠፍቷል። አጭር ማጠቃለያና ጥቂት ስንኞች ብቻ ተርፈዋል። ከጠፉት መጻሕፍት ሁሉ አንዱን አምጡ ብባል እሱን ነበር የምለው።

አንድሮሜዳ ላይ ደግሞ ጸሐፊዎቹ አይስማሙም። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ዓለት ላይ ታስራለች። ሮማዊው ኦቪድ አንድ ቦታ ጠይም ያደርጋታል። ሄሊዮዶሮስ የጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ንግሥት የነጯን አንድሮሜዳ ሥዕል እያየች ፀንሳ ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ ታሪኩ ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል። ሌሎች ደግሞ የታሰረችበት ዓለት ኢዮጴ፣ የዛሬዋ ያፋ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ላይ «ትክክለኛው የቱ ነው?» እያልኩ ራሴን አዞርኩ። አሁን ማን፣ መቼ፣ የት አለ የሚለውን ብቻ ነው የምመዘግበው።

ወደ ግሩፑ የተመለስኩት ይሄን ሁሉ ይዤ ነው። ስንኙን ከነቁጥሩ ለጠፍኩ። አክዬም የሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ፣ ኦኬአኖስ አጠገብ ያሉ ሕዝብ ናቸው አልኩ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ዘንድ ደግሞ ከግብፅ በታች ናቸው፤ ዋና ከተማቸው ሜሮዌ ናት፤ ያ ዛሬ ሱዳን ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ግዕዙ «ሐበሠት» ሲል ግሪክኛው «ኤቲዮፔስ» ይላል። ስሙ ወደ እኛ እየቀረበ የመጣ ስም ነው። አንዱ ወዲያው «ባንዳ» አለኝ። ሌላው በውስጥ መስመር «ሊንኩን ላክልኝ» አለኝ። ጥሩ ውጤት ነው፤ አንድ ለአንድ።

ቁም ነገሩ ግን የመጣው በስንፍና ነው። ሁለተኛውን የኢትዮጵያውያን ስንኝ ፍለጋ ኦዲሴይ 1.22 ገባሁ። እዚህ ደግሞ የሄደው የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ነው። የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል፣ በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ፀሐይ ስትገባ፣ ገሚሶቹ ስትወጣ ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን። የፈለግኩትን አገኘሁ፤ መዝጋት ነበረብኝ። ሰንፌ ዝም ብዬ ወደ ታች አነበብኩ። ስንኝ 29 ላይ ዜውስ ኤጊስቶስን ያስታውሳል። ኤጊስቶስ ማለት የአጋሜምኖንን ሚስት ያማገጠ፣ ባልየውን የገደለ፣ በኋላ በአጋሜምኖን ልጅ በኦሬስቴስ የተገደለ ሰው ነው። ከስሙ በፊት ቅጽል አለ። ነካሁት።

አሚሞን።

ያቺው ቃል። ለግብዣ አዘጋጆቹ ኢትዮጵያውያን የተሰጠችው ለነፍሰ ገዳዩም ተሰጥታለች። እንግሊዝኛውን ብቻ ላነበበ ሰው ይሄ አይታይም። ያው መሬይ፣ በ1919ኙ ኦዲሴይ፣ ኤጊስቶስ ላይ ሲደርስ «የከበረው» ብሎ አልፎታል። ተርጓሚውም ከብዶት መሆን አለበት።

በሚቀጥለው እሑድ ለአጎቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አንድ ፎቶ አሳየኋቸው። ቬኒስ፣ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ያለ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን የኢሊያድ ብራና ነው። በ2007 ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። ስንኞቹ መሐል ላይ፣ ዙሪያውን በደቃቅ ጽሕፈት የሊቃውንት ማብራሪያ።

«ንባቡ መሐል፣ ትርጓሜው ዳር» አሉ ወዲያው። «የእኛ ነው እንዴ?»

«የግሪክ ነው ጋሼ።»

ከዚያ ጥያቄዬን አቀረብኩ። አንዲት ቃል ናት፤ እንግዳ ተቀባዩንም አመንዝራውንም ታመሰግናለች። እንዴት ይሆናል?

ቡናቸውን ፉት አሉ። «አንድም በላ። አንድም ነውር የሌለበት። አንድም ዘሩ የከበረ። አንድም መልኩ ያማረ። ገዳይ መልክ አይኖረውም ያለህ ማነው?»

ስልኬ ላይ ያለውን ነገርኳቸው። በ1973 አን ኤሞሪ ፓሪ የተባለች ምሁር በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ሙሉ መጽሐፍ ታትሞላታል፤ ቃሉ መነሻው ከነውር ሳይሆን ከመልክ ማማር ነው ብላ ተከራክራለች።

«በአንዲት ቃል?»

«በአንዲት ቃል።»

ሲኒውን አስቀመጡ። «ልጅቷ ቅኔ የት ነው የተማረችው?» አሉኝ።